መርፌው አለ፤ ግን የት ነው የቆየው?

ልጁ ተወለደ። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ ቀለጠ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። የሁሉም ዓይን ወደ ሕፃኑ ይዞራል። ለእናትየዋ ግን ከምጡ ይልቅ የሚያስፈራው ሰዓት ገና መግባቱ ነው።

በእርግዝና መጨረሻ ላይ በማህፀን በኩል በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ያልፋል። እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ የተጣበቀበት ቦታ የደም ሥሩ ሁሉ ክፍት ይሆናል። የሚዘጋው ማህፀኑ ጭብጥ ብሎ ሲኮማተር ነው። ጡንቻው ራሱ ሥሮቹን አንቆ ይይዛቸዋል። ማህፀኑ ከዛለ ግን ደሙ አይቆምም። ጠዋት ውኃ ስትቀዳ የነበረች ጤነኛ ሴት፣ የሚደርስላት ካጣች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። በዓለም ላይ በየዓመቱ 70 ሺህ ገደማ እናቶች የሚሞቱት በዚህ ነው። «መጥፎ ደም ነው፣ ይውጣላት» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። እባካችሁ፣ አትበሉ።

መከላከያው አንድ መርፌ ነው፤ ኦክሲቶሲን ይባላል። ልጁ በተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ፣ ሌላ ልጅ በሆዷ አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ 10 ዩኒት ጭኗ ላይ ትወጋለች። ደሙ እስኪበዛ አይጠበቅም፤ ለወለደች ሁሉ ነው። (ይኸው መድኃኒት ሰፈር ውስጥ «ምጥ ማፋጠኛ» ተብሎ ከወሊድ በፊት ሲወጋ ማህፀን ሊቀድ ይችላል። በጤና ተቋም በጥንቃቄ በጠብታ ከሚሰጠው ጋር አይገናኝም።)

እንግዲህ «ጤና ጣቢያው ኦክሲቶሲን አለው?» ብለን እንጠይቃለን። «አለው» እንባላለን። እኔ የምለው ጥያቄው እዚያ መቆም የለበትም ነው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ሙቀት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ኃይሉን ያጣል። ችግሩ ደግሞ አይታይም። ቀለሙ አይለወጥም፣ አይደፈርስም፣ አይሸትም። አፋር ወይም ጋምቤላ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የከረመ ብልቃጥ ከፍሪጅ ከወጣው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። አዋላጇ የታዘዘችውን በሙሉ አድርጋ፣ በደቂቃዋ ወግታ፣ ደሙ አልቆም ሲላት ምን ትበል? በራሷ እጅ ትጠራጠራለች እንጂ ብልቃጡን አትጠረጥርም።

ፍሪጅ ደግሞ አለ። የክትባት ፍሪጅ ብዙ ገጠር ደርሷል፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራም አለ። የክትባት ሠራተኞች ስጋት ይገባኛል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ክትባቱ ይሞቃል፣ ብልቃጥ ከብልቃጥ ከተምታታም ጉድ ነው። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ራሳቸው ኦክሲቶሲን ከክትባት ጋር አንድ ፍሪጅ ውስጥ እንዲቀመጥ ፈቅደዋል። ለብቻው በሣጥን ተደርጎ፣ በደንብ ተጽፎበት። ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ በበረዶ ሣጥን ወደ ማዋለጃ ክፍል ይወጣል። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ፍሪጁ «የክትባት ነው» የሚለው አጥር ይፍረስ።

ፍሪጅ የማይዘልቅበት ቦታስ? ሙቀት የሚችል ካርቤቶሲን የሚባል መርፌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ፣ በ10 አገሮች ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ እናቶችን ባሳተፈ ጥናት ደም መፍሰስን በመከላከል ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ ታይቷል። እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ለዓመታት ይቆያል። ለመከላከል እንጂ ምጥ ለማምጣት አይሆንም። ግዢው ከቆላው ይጀመር እላለሁ።

ደሙ ከጀመረ በኋላስ? ኦክሲቶሲን በደም ሥር ይቀጥላል፣ የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒትም ይጨመራል። የዚህኛው ታሪክ ሁሌም ያሳዝነኛል። ኡታኮ ኦካሞቶ የምትባል ጃፓናዊት ሐኪም ከባሏ ጋር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አገኘችው። ለወለዱ እናቶች ይሞከር ብላ ለመነች፣ ሰሚ አላገኘችም። ከ20 ሺህ በላይ እናቶችን ያካተተው ጥናት በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በደም መፍሰስ የሚሞቱትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ ሲያሳይ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 2017 ነበር። እሷ ካረፈች አንድ ዓመት ሆኗታል። መድኃኒቱ ፍሪጅ እንኳ አይፈልግም። ስለዚህ ፋርማሲ ተቆልፎበት ሳይሆን ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ፣ እጅ በሚደርስበት ይሁን። እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ጥቅሙን ይቀንሰዋል።

ጥር የጤናማ እናትነት ወር ነው። ባለሥልጣናት ጤና ጣቢያ ይጎበኛሉ፣ ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል። ዘንድሮ የሚሄዱት ሰዎች አንድ ነገር ያድርጉልኝ፤ ፍሪጁን ያስከፍቱና ኦክሲቶሲኑ ውስጥ መኖሩን፣ የሙቀት መዝገቡም የትናንት ማታ መሞላቱን ይዩ።