ቮልት ብቻውን የባትሪን አቅም አይነግርም
«ቴስተር 4 ቮልት ካሳየ ባትሪው ደህና ነው» የሚል ምክር አንድ ጽሑፍ ላይ አነበብኩ፤ ይህ ሰው ያሳስታል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 18650 (ክብና ረዘም ያለ የሊቲየም ባትሪ) 4.2 ቮልት ድረስ ሞልቶ፣ ጭነት ሲያገኝ ግን ወዲያው ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። አቅሙ የሚታወቀው እስኪሞላ ቻርጅ አድርጎ፣ ከዚያ በታወቀ ጭነት እያወረዱ የወጣውን በመቁጠር ነው። እኔ የምጠቀመው ባለ 4 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር (ጭነቱ እሱ ነው)፣ አንድ ሞስፌት (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) እና አርዱይኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ነው። አርዱይኖው በየሰከንዱ የሬዚስተሩን ቮልት ያነባል፣ አምፒሩን ለማግኘት ለ4 ያካፍላል፣ የወጣውን ይደምራል። ባትሪው 3 ቮልት ሲደርስ ሞስፌቱን ይዘጋል። ይቺን መዝጊያ እንዳትዘሏት! ሊቲየም ከልክ በላይ ከወረደ ይበላሻል፣ መልሶ ቻርጅ ማድረጉም አደገኛ ነው። ሞስፌቱ በ5 ቮልት በደንብ የሚከፈት ይሁን፤ አይአርኤልዜድ44ኤን ጥሩ ነው፣ አይአርኤፍ540 ግን በደንብ ላይከፈት ይችላል። ሌላው ደግሞ አርዱይኖው ለመለካት እንደ መነሻ የሚይዘው የዩኤስቢ 5 ቮልት ሁልጊዜ ልክ 5 አይደለም። 4.7 ከሆነና ኮዱ ውስጥ 5 ብላችሁ ከጻፋችሁ ውጤቱ በሙሉ ይዛባል። ስለዚህ በቴስተር ለክታችሁ ትክክለኛውን ቁጥር አስገቡ። በአስተያየትህ «በሬዚስተር ፋንታ የመኪና አምፖል ይበቃል» ላልከው ወንድሜ፣ የአምፖል ኦም ሲግል በጣም ይጨምራል። ባትሪ ለማውረድ ይሆናል፣ ለመለካት ግን አይሆንም። ገበያ ላይ 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት (የአቅም መለኪያ ነው) ተብሎ የተጻፈበትን 18650 ግን መለካትም አያስፈልግም፤ በዚህ መጠን ጥሩ የሚባሉት እንኳ 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ናቸው።