ማስተካከያ፦ በጂ1000 ስክሪን ላይ አቅጣጫ ሲጠፋና ኃይል ሲቋረጥ

ጋርሚን ጂ1000 የተባለው የበረራ መረጃዎችን በስክሪን የሚያሳይ ሥርዓት ስለተገጠመለት ሴስና 172 (ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን) ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «የአቅጣጫው ቁጥር በቀይ የኤክስ ምልክት ከተሸፈነ ስክሪኑን በሙሉ አትመኑ» የተባለው ትክክል አይደለም።

የአቅጣጫ መረጃ የሚሰጠው ማግኔቶሜትር (የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል የሚለካ መሣሪያ) ክንፍ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ ነው። እርሱ ብቻ ሲበላሽ አቅጣጫው ይጠፋል እንጂ የአውሮፕላኑን ማዘንበልና የአፍንጫውን ቀና ደፋ ማለት የሚለካው ክፍል ሥራውን ይቀጥላል። የአድማሱ ምስል ራሱ በቀይ ሲሸፈን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ አብራሪው ወደ መጠባበቂያው መሣሪያ ይዞራል።

አቅጣጫው ሲጠፋ ወደ ጂፒኤስ የሚሮጡም አሉ። ጂፒኤስ የሚያሳየው አውሮፕላኑ በምድር ላይ የሚጓዝበትን መስመር ነው፤ የጎን ነፋስ ካለ አፍንጫው ወደዚያ አያመለክትም። ኤሌክትሪክ የማይፈልገው አሮጌው ኮምፓስ ግን እዚያው ከፊት አለ፤ ሳይጠመዘዙና ፍጥነት ሳይቀይሩ ይነበብ።

«አልተርኔተሩ ካቆመ የሚቀረው 30 ደቂቃ ነው» የሚለውም ይታረም፤ አልተርኔተር በሞተሩ እየተሽከረከረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክፍል ነው። 30 ደቂቃው በሚገባ የተሞላ መጠባበቂያ ባትሪ አስፈላጊዎቹን መሣሪያዎች ቢያንስ የሚያቆይበት ጊዜ ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረውም ዋናው ባትሪ ከተዳከመ በኋላ ነው። ዋናው የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ በባትሪው ይዞታና አብራሪው ፈጥኖ በሚያጠፋቸው መሣሪያዎች ይወሰናል።