ትንሽ ማለት ስንት ነው?
ትልቅ ሥራ መጀመር ለከበደው ሰው «በትንሹ ጀምሩ» ብላችሁ የሰጣችሁት ምክር ልክ ነው፤ ትንሹ ግን ስንት እንደሆነ አልተነገረም። ባሕር ዳር ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስጨነቀው ተማሪ «ዛሬ ምዕራፍ ሁለትን እጨርሳለሁ» ካለ ገና ሳይጀምር ይደክመዋል፤ ምዕራፍ የሳምንታት ሥራ ነዋ! ፋይሉን ይክፈት፣ አንድ ጥናት አንብቦ ሦስት ዓረፍተ ነገር በራሱ ቃል ይጻፍ። ሰዓቱን ለ25 ደቂቃ ሞልቶ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ትቶ። (ጣና ዳር ዛፍ ሥር በወረቀት ቢጀምረውም ያው ነው።) በሚያዝያ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ስለሚያደክም ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይሻላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጽሑፉን የት ላይ እንደሚያቆሙ ነው፦ ሐሳብ እስኪያልቅ አይጻፍ፤ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር እየታወቀ ግማሹ ላይ ይቁም፣ ነገ ባዶ ገጽ አይጠብቀውም። አንድ ቀን ካመለጠው ደግሞ እባካችሁ በማግስቱ እጥፍ አታሠሩት፤ ያችው 25 ደቂቃ ትበቃለች።