«ተሳስቼ አላውቅም» የሚል ሰው ያስፈራኛል

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ በቡና ጥራት ላይ በተጠራ ስብሰባ፣ አንድ ኃላፊ ማይኩን ይዘው «እኔ በሥራ ዘመኔ ተሳስቼ አላውቅም» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ከንግግሩ ይልቅ ያበሸቀኝ ጭብጨባው ነው።

«መሪ ከተወላወለ ሕዝብ ይበተናል» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው። ጽናት ያስፈልጋል፣ እሺ። ግን መንገድ የሳተ ሹፌር መሪውን ካዞረ ወላወለ ይባላል? ገደል እስኪገባ ቀጥ ብሎ ይንዳ? ይህ ጽናት ሳይሆን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዌሰን በ1960 እ.ኤ.አ. ሰዎችን 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮች ሰጥቶ «ከጀርባቸው ያለውን ሕግ ድረሱበት፣ የራሳችሁን ቁጥሮች እየጠራችሁ ሞክሩ» አላቸው። ብዙዎቹ «በሁለት በሁለት ይጨምራል» ብለው ገመቱ። 8፣ 10፣ 12 አሉ። ልክ ነው ተባሉ። 20፣ 22፣ 24 አሉ። አሁንም ልክ። ሕጉ ግን ቁጥሮቹ እየጨመሩ ይሂዱ የሚል ብቻ ነበር። 1፣ 2፣ 3 ብሎ የራሱን ግምት የፈተነ ሰው ስህተቱን ወዲያው ያገኘዋል። ሁሌ ልክ የሆነ ሰው ማለት እንዲህ ነው፤ የሚያፈርሰውን ጥያቄ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀውንም ሰው አያስጠጋም።

እዚሁ ጅማ ዞን ማና ወረዳ ያለው አጎቴ አምና ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቀውን ቡና፣ ከማድረቂያው አልጋ ላይ ሊያነሳ ሲል፣ ባለቤቱ አንዱን ፈልፍላ ነከሰችው። ጥርሷ ሰመጠ። «ገና ነው፣ አልደረቀም» አለች። «እኔን ስለ ቡና ልታስተምሪኝ?» ብሎ በጆንያ ሞላው። ነጋዴው ፊት ሲከፈት ሻጋታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። አጎቴ ምን አለ? «ጆንያው ነው!»

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዮን ፌስቲንገር በ1957 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነው። ሁለት የሚጣሉ ሐሳቦች አእምሮን እረፍት ይነሱታል፣ ሰውም ለመለወጥ የሚቀለውን ይለውጣል። «ቡና አውቃለሁ» የሚለውን ከመንካት ጆንያውን መክሰስ ይቀላል። እንደ እኔ ግን ሥሩ ፍርሃት ነው። አንዴ ከተሳሳትኩ ማንም አያከብረኝም የሚል ፍርሃት። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሌላው ነው፤ ልጆቹ ለደብተርና ለጫማ ያሰቡት ገንዘብ ከሻጋታው ጋር ቀረ።

ዘንድሮ ጀንፈሉ ሲነሳ የአጎቴ ባለቤት አልነከሰችም። ለምን ትነክሳለች?

ስብሰባው ላይም ኃላፊው «ጥያቄ ያለው?» ብለው ነበር። አንድ እጅ አልወጣም።