ይድረስ ለክቡር ሃርድኮርና ለመላው ቤተ ዘመዱ

ቁጥር፦ አልተሰጠውም፤ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሻይ ወጥታለች
ቀን፦ ሐሙስ ማታ፣ ከክፍያ በኋላ
ጉዳዩ፦ የገዛ ድንጋዬ መልሶ ስለተሸጠልኝ ምስጋና ስለማቅረብ

ለክቡር ሃርድኮር
ባሉበት (ወለሌ ሥር)

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃንን ብርድ መቼም ያውቁታል። እርስዎ ግን በቅርቡ 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ስለሚለብሱ ውርጩ አያገኝዎትም። እኔ ነኝ እንጂ ተበድሬ የቀረሁት።

በይፋ የተዋወቅነው ዛሬ ጠዋት ነው። እርግጥ ከዚያ በፊትም አውቅዎታለሁ። ያኔ ግን ስምዎ ድንጋይ ነበር።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፦ እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከተማው ዳር በማኅበር የደረሰችኝን ቦታ ይዤ፣ አንዲት ትንሽ ቤት አቆማለሁ ብዬ የተነሳሁ ሰው ነኝ። ለመሠረት ሲቆፈር መጀመሪያ የወጣው ዋልካ ነው። የአገራችንን ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤት ከሠሩበትም ቤቱን ይዞት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተቆፍሮ መውጣት ነበረበት፣ ወጣ። ከዋልካው ሥር እርስዎ ብቅ አሉ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ባዛልት። ልጆቹ በዲጅኖ እየፈነቀሉ አጥር ጥግ ከመሩዎት። ለባለቤቴ ደውዬ «ድንጋይ አንገዛም» አልኳት። እሷም ለእናቷ ደወለች። ደስታችን እዚህ ድረስ ነበር።

ጠዋት ኮንትራክተሩ የክፍያ ወረቀት ይዞ መጣ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ኋላ መስመር፣ መስኮቱ ሥር ነበር የሚቀመጠው። ወረቀቱ ላይ «ሃርድኮር፣ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ማቅረብና መደርደር» ይላል። ከጎኑ ካሬው፣ ከካሬው ጎን ነጠላ ዋጋው፣ ከዚያ ድምሩ። ድምሩን ሳይ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት። ያው ነው።

«ይሄ ሃርድኮር የታለ?» አልኩት።

«እዚያ ጋ፣ ቲቸር» ብሎ ወደ አጥሩ ጥግ አመለከተኝ።

«ያማ ድንጋዬ ነው።»

«አዎ ቲቸር። ሃርድኮር ማለት እሱ ነው።»

«ከዚሁ ግቢ የወጣ እኮ ነው የምልህ! መደርደሩን ደርድር፣ የእጅህን ልክፈልህ። ማቅረብ የምትለው ምኑን ነው? ከአጥር ጥግ እስከ ሳሎን?»

ይሄኔ ልጁ በረጅሙ ተነፈሰ። ያችን ትንፋሽ አውቃታለሁ። ኬክሮስና ኬንትሮስ የተምታታበት ተማሪ ሲገጥመኝ የምተነፍሳት ናት። ከእኔ ነው የወሰዳት። ከዚያ ብረት የሚያስሩት ፌራዮዎች፣ ባሬላ የያዙት የቀን ሠራተኞች፣ ሻይ የምታዞረዋ ልጅ ሳትቀር እየሰማች፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ቲቸር፣ ይሄ ቴክኒካል ነገር ነው። እርስዎ አይጨነቁ፣ ክፍያውን ብቻ ያመቻቹልን።»

ሳቁ። ሁሉም አይደሉም። አንድ በዕድሜ የገፉ ግንበኛ መዶሻቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። ከሳቁት ይልቅ የእሳቸው አንገት መድፋት ነው የቆጠቆጠኝ።

ፈረምኩ። ቤት የሠራ ሰው ለምን እንደፈረምኩ አይጠይቀኝም። ካልፈረምኩ ነገ ሥራ ይቆማል። ሥራ ሲቆም ሲሚንቶው ይጋገራል፣ አሸዋው በሌሊት እግር ያወጣል፣ ግንበኛው ሌላ ሳይት ይይዛል። ከዚያ እሱን ለማስመለስ ልመና ነው።

እናም ክቡርነትዎ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ለሚሊዮኖች ዓመታት ሸዋ ሥር ሲኖሩ ማንም ዋጋ አልለጠፈብዎትም። ጂኦሎጂስቶች እንኳ ወገኖችዎን አጥንተው «ጣርማ በር ባዛልት» ሲሉ በገዛ አገራችሁ ስም ነው የጠሯችሁ። ስም ሲያወጡም ደረሰኝ አልቆረጡም። የእኔ ተማሪ ግን አንድ ቃል ጫነብዎትና በአንድ ጀንበር ከአጥር ጥግ ወደ ባንክ አካውንት ተዛወሩ። እንዲህ ያለ ዕድገት በሥራ ዘመኔ አላየሁም። የመምህራን የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ልምድ ይቅሰም።

በዚያው ወረቀት ላይ የአጎትዎን ልጅ ካርት አዌይንም አግኝቻቸዋለሁ። አፈሩ ሲቆፈር ለቁፋሮ ከፈልኩ። ከተቆፈረው ከፊሉ ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ለባክፊል ከፈልኩ። የተረፈው ከግቢ እንዲወጣ ለካርት አዌይ ከፈልኩ። እስከዚህ ደንብ ነው፣ አልከራከርም። የተደፋበትን ቦታ ግን ላሳይዎት። ከእኔ ዝቅ ብሎ ያለው ጎረቤቴ ጓሮውን ሊያለማ አፈር ይፈልግ ነበር። «የአትክልት አፈር» ተብሎ፣ ከፍሎ ተቀበለ። ገልባጩ ያው፣ ሾፌሩ ያው፣ አፈሩ የእኔው ዋልካ። ከእኔ በር ሲወጣ አንድ ደመወዝ፣ በእሱ በር ሲገባ ሌላ ደመወዝ። እኔና ጎረቤቴ ይህን ያወቅነው ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ስናወራ ነው። ለቅሶው ውስጥ መሳቅ ስለማይቻል ዝም አልን።

እውነቱን ለመናገር በአዛውንቶቻችሁ ቂም የለኝም። ፌሮ፣ ስታፋ፣ ባሬላ፣ ሶሌታ፣ አርማታ። ጣርማ በርን ሸንቁሮ ያለፈው ጣሊያን ጥሏቸው የሄደ ናቸው፤ አሁን የእኛ ሆነዋል። ባሬላ ምን እንደሆነ የሚሸከመው ልጅ መዳፉ ያውቀዋል። እናንተ አዲስ መጦቹ ግን ከወረቀት አትወርዱም። እስከ ዛሬ አንድ የቀን ሠራተኛ «ካርት አዌይ ላድርግ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። «አፈሩን የት ልድፋው?» ነው የሚለው። ሃርድኮር ሲባልም ቀና ብሎ የሚያይ የለም፤ «ድንጋዩን ደርድሩ» ሲባል ግን ሁሉም ይነሳል። ስማችሁን አሳምሮ የሚያውቀው ሒሳቡን የሚጽፈው ሰው ብቻ ነው።

አባቴ መንዝ ላይ ቤት ሲሠራ ድንጋይ ድንጋይ ነበር፣ ጭቃም ጭቃ። ክዳኑ የጓሣ ሣር። ጎረቤት በደቦ ያቆማል፣ እናቴ ጠላ ታቀርባለች። ቫሪዬሽን የሚባል ነገር (ከውል ውጭ የመጣ ተጨማሪ ሥራ) ከመጣ አንድ ጋን ጠላ መጨመር ነው።

የቆዩ ቅሬታዎችም አሉኝ፤ ፋይሉ ከተከፈተ አይቀር ይግቡ።

አቶ ጂ ፕላስ ዜሮ፦ ከዜሮ ጋር ተደምሬ የግንባታ ፈቃድ መስኮት ላይ ተሰልፌያለሁ። «ሲስተም የለም» እስኪሉኝ ድረስ ወረፋዬን ጠብቄያለሁ። የምሠራው ዜሮ ፎቅ ነው፤ ፋይሌ ግን ፎቅ አክሏል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብሎ በሦስት ምድብ ሲከፍል የእኔ ቢጤ ቤት «ሀ» ላይ ነው ያረፈው። ደስ ብሎኝ ነበር። ከ«ሀ» በኋላ ያለው ሁሉ በሌላ ፊደል መሆኑን ማን ነገረኝ?

ወይዘሮ ዞኮሎ (የግድግዳው ግርጌ ንጣፍ)፦ ሁሉም በካሬ ሲለካ እርስዎ ብቻ በሜትር። ኩራትዎን አደንቃለሁ።

አቶ ስብራት፦ ከመቶ ብሎኬት ስንቱ እንደሚሰበር የሚወሰነው በብሎኬቱ ጥራት ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚወሰነው በቅርብ አጥር የሚያሳጥር ሰው በመኖሩ ነው።

የልኬት ቤተሰብ ግን በአንድ መስመር አይታለፍም። ብረት ፕላኑ ላይ በኪሎ ነው። ሱቅ ሲሄዱ በቤርጋ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ዘንግ ነው። ፌራዮው ጋ በቁጥር ነው። አሥራ ሁለት ቁጥር የሚባለው ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንዱ ቤርጋ ርዝመትም 12 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 12 ኪሎ ይመዝናል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ወዮላችሁ። 10 ኪሎ ከ650 ግራም ገደማ ነው። ስምንት ቁጥሩ 4 ኪሎ ከ740 ግራም ገደማ ነው። ይህን ሒሳብ የያዘ ሰው ሱቅ ሲገባ እንደ ገቢዎች ተቆጣጣሪ ነው የሚታየው። አንዱ ጋ ገብቼ ብረቱን ብለካው ቀጠነብኝ። ብጠይቀው ባለሱቁ ዓይኑን ሳያሽ «እሱ ቀለል ያለው አሥራ ሁለት ነው» አለኝ። ቀለል ያለ አሥራ ሁለት! ከዚህ በፊት አሥራ አንድ ይባል ነበር። ሲሚንቶ ደግሞ ዋጋው በኩንታል ይጠራል፣ ዕቃው በ50 ኪሎ ከረጢት ይራገፋል፤ የተስማማችሁት በየትኛው እንደነበር የሚታወቀው ከፍላችሁ ስታበቁ ነው። የአሸዋ ቢያጆማ፣ አንዱ የመኪና ጭነት፣ ልክ የለውም። ሾፌሩ ያመነበት ሁሉ ቢያጆ ነው።

ስታፋ ላይ ስደርስ ግን መቀለድ አልችልም።

ፕላኑ ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) ላይ ስታፋ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይታሰር ይላል። ከፈረምኩ በኋላ፣ እልህ ይዞኝ ነው መሰለኝ፣ ሜትር አውጥቼ ለካሁ። አንዱ ኮለን ላይ 25። የሚቀጥለው ላይ 30። ልጁን ጠርቼ ሜትሩን አሳየሁት።

«ቶለራንስ ነው፣ ቲቸር» አለኝ። የሚፈቀድ ልዩነት ነው ማለቱ ነው።

ስማ። ስታፋ ለጌጥ አይታሰርም። ረጃጅሞቹን ብረቶች አቅፎ የሚይዝ እሱ ነው፤ ጭነት ሲመጣ ወደ ጎን እንዳይጎብጡ። ቤት ሲወዛወዝ ኮለኑ እንዳይበተን የሚይዘው እሱ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ቤት ይወዛወዛል። ታኅሣሥ 2017 አልጋችን ሲነቃነቅ፣ ሕፃን አቅፈን ውርጭ ላይ የወጣን ሰዎች ነን። ፈንታሌ ተራራ አካባቢ ታኅሣሥ 26 ሌሊት የተነሳው መንቀጥቀጥ ከ5.5 በላይ ነበር የተለካው። በ1953 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል። ማጀቴ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ናት። ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ፣ ካርታ ሰቅዬ፣ ስምጥ ሸለቆውን በጠመኔ እየሳልኩ። ለዚያው ልጅ። በየ15 ሳንቲ ሜትሩ የሚታሰረውን ብረት ዋጋ ተቀብሎኛል። ያሰረው በየ25ና በየ30 ነው። የቀረው ብረት የት እንዳለ እኔም እሱም እናውቃለን። ልጆቼ የሚተኙት እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ይሄ ቶለራንስ አይባልም። ሌብነት ነው፤ ከሌብነትም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሌባ ጣራ አይጥልብህም።

አርማታ አይፈስም አልኩ። እዚያው ባሬላ ላይ ተቀምጬ አልነሳም አልኩ። እኚያ አንገታቸውን የደፉት ግንበኛ መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ ምንም አላሉም፣ ግን ቆሙ። በመጨረሻ ፌራዮዎቹ መፍታት ጀመሩ። ስታፋው አሁን በየ15 ነው፤ አንድ በአንድ ለክቻለሁ።

ማታ ግን ስልኬ ላይ አዲስ የሒሳብ ወረቀት በቴሌግራም ገባ። «ሪወርክ» ይላል። እሳቸውም የእናንተ ዘመድ ናቸው አሉ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ጥያቄዬ ብዙ አይደለም። እርስዎም ሆኑ ቤተ ዘመድዎ የክፍያ ወረቀት ላይ ስትሰፍሩ የልደት ስማችሁ ከጎናችሁ ይጻፍ። ሃርድኮር፣ ድንጋይ። ካርት አዌይ፣ አፈር መድፋት። ባክፊል፣ አፈር መመለስ። ሪወርክ፣ ያበላሹትን ማስተካከል። ከዚያ ባለቤቴ ታንብበውና ዋጋው ይገባዋል ካለች እከፍላለሁ። ሌላው፣ ከግቢዬ የወጣ ማንኛውም ነገር ወደ ግቢዬ ሲመለስ «ማቅረብ» የሚባለው ይቅርልኝ። ይህ የማይቻል ከሆነ እኔንም በየቀኑ ወደ ሳይቱ ስለምመላለስ ማቅረቢያ ይታሰብልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ቲቸር
የድንጋዩ የቀድሞ ባለቤት

ግልባጭ፦

ለባለቤቴ እናት፦ «ድንጋይ አንገዛም» የተባለውን ለጎረቤት ገና ካልነገሩት እንዲቆይልኝ።

ለዕቁባችን ሰብሳቢ፦ ዕጣዬን ወደዚህ ወር ማምጣት ይቻል እንደሆን ቢታይልኝ።

ለወይዘሮ ፊኒሺንግ፦ ስምዎን በሩቁ ሰምቻለሁ። የሠሩ ሰዎች ስምዎ ሲነሳ ወንበር ፈልገው ነው የሚቀመጡት። ቀስ ብለው ይምጡ፤ ብድሩ ገና አልጸደቀም።