ኤሴያችሁ የችግር ማመልከቻ አይደለም

ኮመን አፕ በየዓመቱ ሐምሌ 25 ላይ ለአዲስ አመልካቾች ይከፈታል። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ ነው። አሜሪካ ሄደው ለመማር የሚያስቡ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ክረምታቸውን ከእሱ ጋር ያሳልፋሉ። በብዛት የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ኤሴይ በሚባለው፣ ከ250 እስከ 650 ቃል ባለው ጽሑፍ ስለ ራሳቸው መናገር።

የብዙ ልጆችን ረቂቅ አንብቤያለሁ። አዲስ አበባ ያሉትንም፣ አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያደጉትንም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ቁጭ ብላችሁ ስታወሯቸው ትገረማላችሁ። ወረቀቱ ላይ ግን አታገኟቸውም። "የተወለድኩት ከድሃ ቤተሰብ ነው" ብሎ ይጀምራል፤ "ዕድሉን ካገኘሁ አገሬን እለውጣለሁ" ብሎ ያልቃል። ስሙን ቀይራችሁ ለሌላ ልጅ ብትሰጡት ያው ነው።

ልጆቹን አልወቅስም። ድርሰት ያስተማርናቸው እኛ ነን። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። ርዕሱ የደን ጥቅም ወይም የትምህርት ጠቀሜታ። ስለ ራስ ማውራት ደግሞ ከቤት ጀምሮ ጉራ ተብሎ ይቆጠራል። አገር ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚሠራው በፈተና ውጤት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የውጤቱን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ፈተና ከፊቱ የተደቀነበት ልጅ ስለ ራሱ ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

ችግርን መደርደር ግን ልጆቹን እየጎዳቸው ነው። ብዙዎቹ ኤሴይ የሚጽፉት ገንዘብ እንደሚለምን ሰው ሆነው ነው። የገንዘቡ ጉዳይ የራሱ ቅጽ አለው። የቤተሰብ ገቢ እዚያ ይሞላል፣ ማስረጃው እዚያ ይያያዛል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ እና አምኸርስት ለውጭ አገር ተማሪ ጭምር ቅበላውን የሚወስኑት የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ነው። ከተቀበሉት ቤተሰቡ የማይችለውን ይሸፍናሉ። ሌሎች ብዙ ኮሌጆች ግን የውጭ ተማሪ ምን ያህል እርዳታ እንደሚፈልግ አይተው ይወስናሉ። በሁለቱም መንገድ ቢሆን "ድሃ ነኝ" የሚል ኤሴይ የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። ጦርነት ትምህርት ቤታችሁን ዘግቶት ከሆነ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከሆነ፣ ይህን በአጭሩ የምታስረዱበት ሌላ ቦታ ማመልከቻው ላይ አለ።

ይህን ስል መከራ ያየ ልጅ መከራውን ይደብቅ ማለቴ አይደለም። ያየውን የመጻፍ ሙሉ መብት አለው። አንባቢው ግን ከመከራው ቀጥሎ ልጁን ይፈልጋል። ምን አስተዋለ? ምን ወሰነ? ሐሳቡ የት ላይ ተቀየረ?

እንበል አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ የእናቷን ሱቅ ትጠብቃለች። "እናቴን ለማገዝ ብዙ መሥዋዕትነት ከፍያለሁ" ብላ ብትጽፍ ማንም አያስታውሳትም። የዱቤውን ደብተር ትክፈትልን። ማን ደመወዝ በወጣ ማግስት እንደሚከፍል፣ ማን ዕዳው ሲበዛ መንገድ ቀይሮ እንደሚሄድ ታውቃለች። አንድ ቀን ዕዳቸው የቆየባቸውን እትዬን ዘይት ልከልክላቸው ወይስ ልስጣቸው ብላ ተጨንቃለች። ሰጠች እንበል፤ ለምን? እናቷ ስትሰማ ምን አለቻት? ዛሬ ቢሆንስ ትሰጣለች? እዚህ ውስጥ ሒሳብ አለ፣ ሰው ማወቅ አለ፣ ፍርድ አለ። ኢኮኖሚክስ መማር እፈልጋለሁ ብትል ደግሞ ከየት እንደመጣ ይገባናል። ድህነቱም ሳይነገር ይታያል።

አሜሪካ ያደጉት ልጆች ሌላ ጥያቄ አለባቸው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. ኮሌጆች በቅበላ ዘርን መመዘኛ እንዳያደርጉ ወስኗል። ያው ውሳኔ ግን አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን በራሱ ታሪክ ከጻፈ ማንበብና መመዘን እንደማይከለከል ይናገራል። ስለዚህ "ኢትዮጵያዊ በመሆኔ እኮራለሁ" ብሎ ማለፍ አይበቃም። ክሊኒክ ውስጥ ለእናቱ ሲያስተረጉም ዶክተሩ የተናገረውን ከባድ ነገር እንዴት ብሎ እንደነገራት የሚጽፍ ልጅ ብዙ ይነግረናል።

በጣም የሚያናድደኝ ኤሴይ ጽፎ መሸጥ ነው። ብር ተቀብለው የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ለልጃቸው ብለው የሚከፍሉ ወላጆችም አሉ። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ ተጨምሯል። ተማሪው ማመልከቻውን ሲልክ ሥራው የራሱ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። ኮመን አፕም ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የጻፈውን የራስ አስመስሎ ማቅረብን ከማጭበርበር ቆጥሮታል። ደንቡን እንኳ ብንተወው፣ የ17 ዓመት ልጅ "የአንተ ታሪክ በአንተ አፍ አያምርም" ተብሎ ሲነገረው ምን እንደሚሰማው አስቡት።

እንግሊዝኛው የሚያስፈራችሁ ከሆነ መጀመሪያ በአማርኛ አውሩት። በኦሮምኛም በትግርኛም ይሁን፤ አፋችሁን በፈታችሁበት። ስልካችሁን ከፍታችሁ ለጓደኛ እንደምትነግሩ ሆናችሁ ቅዱት። ከዚያ አዳምጡት። ድምፃችሁ ሞቅ ያለበት ቦታ ላይ አቁሙና እሱን ብቻ በእንግሊዝኛ ጻፉት። ከባድ ቃል ከመዝገበ ቃላት አትልቀሙ። ቃል በቃልም አትተርጉሙ፤ ነገሩን እንደገና ተናገሩት። ከዚያ ለሚያውቃችሁ ሰው አንብቡለት። "ይሄማ አንተ ነህ" ካላላችሁ ገና ነው።

ጊዜም አለ። ቀደም ብለው ለሚያመለክቱ የብዙ ኮሌጆች የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 22 አካባቢ ነው፤ መደበኛው ደግሞ ታኅሣሥ 23 አካባቢ። የአማርኛ መምህራንን አንድ ነገር ልለምን። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር የደን ጥቅምን ለአንድ ሳምንት አቆዩት። ተማሪዎቹ ሐሳባቸውን የቀየሩበትን አንድ ቀን ይጻፉ። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ፊደል ከማረም በፊት ጠርዙ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉላቸው፤ "ከዚያስ ምን አሰብክ?" "ከዚያስ ምን አሰብሽ?"