ፖስተኛን በደብዳቤ ቁጥር አትመዝኑት

ዲሴምበር 30 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ከ400 ዓመት በላይ የኖረ ሥራ አበቃ። የስዊድንና የዴንማርክ መንግሥታት የጋራ ንብረት የሆነው የፖስታ ድርጅት፣ ፖስትኖርድ፣ የመጨረሻዎቹን ደብዳቤዎች አደለና በቃኝ አለ። ከየመንገዱ ዳር 1,500 ቀይ የፖስታ ሣጥኖች ተነቀሉ፤ ከ4,600 ሠራተኞችም 1,500ው እንዲሰናበቱ ተወሰነ። ለዚህ ሁሉ የተሰጠን ምክንያት አንድ ነው፦ ሰው ደብዳቤ መላክ ትቷል። ያናደደኝም ይኸው ምክንያት ነው፤ ይልቁንም ያለ አንዳች ጥያቄ «ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው» ተብሎ መታለፉ።

ቁጥሩን አልክድም። በ2000 በአገሪቱ 1.4 ቢሊዮን ደብዳቤ ይላክ ነበር፤ በ2024 ወደ 110 ሚሊዮን ወርዷል። ግን የመጨረሻዋን ዓመት ነጥላችሁ እዩልኝ። በ2024 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የፖስታ ሕግ ገበያውን ከፈተ፣ እያንዳንዱን ቤት የማዳረስ ግዴታን ከፖስትኖርድ ላይ አነሣ፣ ደብዳቤንም 25 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ጫነበት። የአንድ ተራ ደብዳቤ ዋጋ 29 የዴንማርክ ክሮነር ደረሰ። በዚያው ዓመት የደብዳቤው ብዛት 30 በመቶ ወደቀ። የፖስትኖርድ የዴንማርክ ኃላፊ ራሳቸው፣ ደብዳቤ 29 ክሮነር ሲሆን የሚላከው እንደሚያንስ ለአገራቸው መገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል። እንግዲህ ሕዝቡ ነው ደብዳቤን የተወው? በሬን ጠፍሮ አስሮ «ማረስ እምቢ አለ» ማለት ፍርድ አይደለም።

ደግሞ እኮ የዴንማርክ ሕግ ደብዳቤ የመላክ ዕድል መኖር አለበት ይላል። አሁን ሥራውን የያዘው ዳኦ የተባለ የግል ኩባንያ ቢተወው፣ መንግሥት ሌላ የሚተካ አካል የመሰየም ግዴታ አለበት። ደብዳቤ የማያስፈልግ ነገር ከሆነ ይህ አንቀጽ ለምን ተጻፈ? የጻፉት ሰዎች እንደሚያስፈልግ ስለሚያውቁ ነው። ያውቃሉ፤ ሸክሙን ግን እነሱ መሸከም አልፈለጉም።

አንድ ፖስታ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው «በአንድ ደብዳቤ ይህን ያህል ከሰርን» የሚል ሒሳብ ሲቀርብለት ዝም ብሎ አይቀበልም። ፖስተኛው ማለዳ መደርደሪያው ፊት ይቆማል። የመደርደሪያው ጠባብ ክፍሎች እያንዳንዳቸው የአንድ ቤት ናቸው፤ የተሰደሩትም በፊደል ተራ ሳይሆን እግሩ በሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው። ደብዳቤዎቹን በየክፍሉ ይሰካል፣ ከዳር እስከ ዳር ሰብስቦ ያስራል፣ ቦርሳው ውስጥ ይከትና ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ መንገዱ ነው። ለአንድ በር አንድ ደብዳቤ ያዘ አምስት፣ ደረጃው ያው ደረጃ ነው፤ ዳገቱም ያው ዳገት ነው። ደብዳቤው በግማሽ ቢቀንስ መንገዱ በግማሽ አያጥርም። ስለዚህ የፖስታን ወጪ በደብዳቤ ቁጥር እያካፈሉ «ውድ ሆነ» ማለት፣ የድልድይን ዋጋ ዛሬ ለተሻገሩት ሰዎች አካፍሎ ድልድዩን እንደማፍረስ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው መምህር ሮላንድ ሂል በ1837 ሒሳቡን ሠርቶ አሳይቷል። ያን ጊዜ ዋጋው በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ይሰላ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ሂል ከለንደን እስከ ኤዲንብራ አንዲት ደብዳቤ ለማጓጓዝ የሚወጣው የፔኒ (የእንግሊዝ ሳንቲም) 36ኛ እጅ ብቻ መሆኑን ደረሰበት። ገንዘቡን የሚበላው ርቀቱ ሳይሆን ዋጋ መተመኑ፣ መመዝገቡና ከየደጃፉ ሒሳብ መሰብሰቡ ነበር። እናም ላኪው አስቀድሞ ይክፈል፣ ዋጋውም የትም ቢላክ አንድ ይሁን አለ። ጃንዋሪ 1840 ላይ የአንድ ፔኒ ዋጋ ተጀመረ፤ በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን የነበረው ደብዳቤ በአንድ ዓመት 169 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ገቢው መጀመሪያ ላይ ወደቀ፤ ለማገገምም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ያን ጊዜ የነበሩት ሰዎች ታገሡ። የዛሬዎቹ ዋጋ ጨምረው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሣጥኑን ነቀሉ።

አንድ ዋጋ ማለት ቃል ኪዳን ነው። የከተማው ደብዳቤ ለገጠሩ ይከፍላል፤ የቅርቡ የሩቁን ይሸከማል። አሜሪካ ውስጥ በግራንድ ካንየን ሥር ለምትገኘው የሱፓይ መንደር ፖስታ የሚወርድላት በበቅሎ ነው። በገደሉ ጠርዝ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ በአቧራ ይወርዳሉ፤ በበቅሎዎቹ ጀርባ ላይ ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን የምግብ ሸቀጥም አለ። ወደዚያች መንደር የምትላከው ደብዳቤ ቴምብር ግን በኒውዮርክ ከአንድ ጎዳና ወደ ሌላው ከሚላከው አይበልጥም። አትራፊ ኩባንያ ለራሱ ቢተው ይህን መንገድ አንድ ቀን አይወርድም። ገበያውን ክፈቱት ሲባል የሚሻማው የሚያዋጣውን ሰፈር ነው፤ ገደሉ ለመንግሥት ይቀራል፣ ከዚያም መንግሥት «ከሰርኩ» ይላል።

«ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ዴንማርክ የመንግሥትን ደብዳቤ በዲጂታል ሣጥን መቀበልን ከ2014 ጀምሮ ግዴታ አድርጋለች፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ወደ 270,000 የሚጠጉ ሰዎች ከዚያ ግዴታ ነፃ ሆነው በወረቀት ይቀበላሉ። ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። የሆስፒታል ቀጠሯቸው በወረቀት ይመጣል። ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው ለደከመ ሰው ያ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ደጋግሞ የሚነበብ ነገር ነው። አሁን መልስ ልላክ ቢሉ ዳኦ ወደሚሠራበት ሱቅ ይሂዱ፣ ወይም ከቤት እንዲወሰድላቸው ተጨማሪ ይክፈሉ ተብለዋል። ባነሰ አቅም ላይ ተጨማሪ ክፍያ! ይህን ማሻሻያ ብሎ መጥራት ነውር ነው።

ፖስተኛ በየቀኑ ይምጣ ብዬ አልሟገትም። ብሪታንያ በ2025 የሁለተኛ ደረጃ ደብዳቤ (ርካሹና የማይቸኩለው) ከሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት ቀናት አንድ ቀን እየተዘለለ እንዲታደል ፈቅዳለች፤ ከዚህ ጋር መኖር ይቻላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ተቆጣጣሪው ኦፍኮም የብሪታንያውን የፖስታ ድርጅት ሮያል ሜይልን ደብዳቤ በማዘግየቱ 21 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቶታል። ግዴታ ያለበት ይጠየቃል፣ ይቀጣል። ግዴታው የተነሣለት ፖስትኖርድ ግን በሩን ዘግቶ ወደ ጥቅል ዕቃ ሥራው ሲያዘነብል ጠያቂ አልነበረበትም። በእኛ ቋንቋ አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይባላል። ደብዳቤ አደራ ነው፤ አደራ ተቀባይ ደግሞ ዕቃው አነሰ ብሎ መንገድ ላይ አይጥልም።

የዴንማርክ ምክር ቤት ታክሱን ከደብዳቤ ላይ ያንሣ፤ እያንዳንዱን ቤት የማዳረስ ግዴታንም በስም ለይቶ በአንድ ተቋም ላይ ይመልስ። የሕዝቡን ስሜት ማወቅ ከፈለጉ ዲሴምበር ላይ የሆነውን ይዩ፦ ከተነቀሉት ቀይ ሣጥኖች 1,000ው ለበጎ አድራጎት ለሽያጭ ቀርበው በሦስት ሰዓት ውስጥ አለቁ፤ ያውም አንዱ እስከ 2,000 ክሮነር። ደብዳቤ ረስቷል የተባለው ሕዝብ ይህ ነው?